ዕድሜ ሲገፋ አንጎልን ሥራ አለማስፈታት፦ ጅማ ላይ ሆነን ምን እናድርግ?

ከ55 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ወይም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም አክስት ካለ ይህን አንብቡት። ስለ መርሳት ነው። የማወራው ግን ስለ በሽታው አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ላይ ዕድሜ ራሱ ስለሚያመጣው ለውጥና ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው።

እዚህ ጅማ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ሰውየው ለቅሶ ቤት ሄዶ በደንብ የሚያውቀውን ሰው ስም ያጣዋል። «በቃ ጃጀሁ» ይላል። ቤተሰቡም ያምነዋል። ከዚያ የእድሩን ሒሳብ ለሌላ ያስረክባል፣ ስልኩን ልጁ ይይዝለታል፣ ሂርማታ መርካቶ ወርዶ መገብየቱ ይቀራል፣ «እርስዎ ይረፉ» እየተባለ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ዓመት ሳይሞላው እውነትም ብዙ ነገር ይጠፋዋል። ስሙን ያስረሳው ዕድሜው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን አብዛኛውን ያመጣው ሥራ መፍታቱ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ሁሉ ምክር መነሻም እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ ምን እንደሚለወጥ እንወቅ

ቀድሞ የሚቀንሰው ፍጥነት ነው። አስበን መልስ የምንሰጥበት ፍጥነት ከ20ዎቹና ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ 60 ላይ ስለሚታወቀን ያኔ የጀመረ ይመስለናል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሥራት ይከብዳል። ስም ምላስ ላይ ደርሶ ይቀራል። ወሬውን እናስታውሳለን፣ ማን እንደነገረን ግን ይጠፋናል። በሌላ በኩል የቃላት ሀብታችን እስከ 60ዎቹ ድረስ ሊጨምር ይችላል። እጅ የለመደው ሙያ አይጠፋም። ነገር የማመዛዘን ችሎታም ብዙ አይነካም። ሽማግሌ ለዕርቅ የሚፈለገው በከንቱ አይደለም።

ውስጡን ስናይ ደግሞ፣ የአንጎል መጠን ከ40 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ በግምት 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይበልጥ የሚነካው ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ለማቀድና ትኩረት ለመያዝ የሚያገለግለው ክፍል ነው። አዲስ ነገር የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍልም እንዲሁ ይሳሳል። ድሮ የነርቭ ሴሎች በእርጅና በገፍ ይሞታሉ ይባል ነበር። የመቁጠሪያው ዘዴ ሲሻሻል ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ታወቀ። በጤናማ እርጅና የሚሞተው ሴል ጥቂት ነው። የሚቀንሰው ሴሎቹ እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ነጥቦችና መልእክቱን የሚያፈጥነው የነርቭ ሽፋን ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የሞተ ሴልን መመለስ አይቻልም፣ የሳሳ ግንኙነት ግን በአጠቃቀም እንደገና ሊጠነክር ይችላል።

አንጎል በምንጠቀምበት ልክ ግንኙነቱን የሚለውጥበት ይህ ችሎታ ፕላስቲሲቲ ይባላል። በዕድሜ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ጀርመን አገር ዕድሜያቸው 60 አካባቢ የሆኑ ሰዎች ሦስት ኳስ እያፈራረቁ ወደ ላይ መወርወርና መቅለብ ለ3 ወር ተለማመዱ። አንጎላቸው በኤም አር አይ ሲነሳ፣ ሂፖካምፐሱን ጨምሮ አንዳንድ ክፍሎች ጨምረው ታዩ። ልምምዱን ሲያቆሙ ለውጡም ቀነሰ። ሁለቱንም ያዙልኝ፦ በ60 ዓመትም ይለወጣል፣ ከተዉት ደግሞ ይመለሳል።

1. ጤነኛውን መርሳት ከበሽታው ለዩ

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የተለመደ ነው። ቁልፉን ይዞ ለምን እንደሚያገለግል ግራ መጋባት ግን አይደለም። የጎረቤትን ስም አጥቶ ከሰዓታት በኋላ «አዎ፣ እገሌ ነው!» ማለት የተለመደ ነው። ለ30 ዓመት ከተመላለሱበት ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቤት መንገድ መጥፋት፣ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናት የተቆላውን ቡና ሳይወቅጡት ጀበና ውስጥ መጨመር፣ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ቁጭታ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ጠባይ ጨርሶ መለወጥ፣ እነዚህ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳሉ።

መርሳቱ ወይም መዘባረቁ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ቀስ ብሎ ለመጣውም ቢሆን «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ምክንያቱም መርሳትን የሚያመጡና የሚታከሙ ነገሮች አሉ። የቪታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው፤ ዕድሜ ሲገፋ ሆድ የሚያስገባው መጠን ይቀንሳል፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የበለጠ ሊቀንስ ይችላል። ረጅም ጾም የምትጾሙ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ንገሩት።

መድኃኒትም አለ። ለጉንፋንና ለማሳከክ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚን፣ ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ዲያዜፓም፣ ሦስቱም በዕድሜ የገፋን ሰው አእምሮ ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ስለዚህ ጅማ ሜዲካል ሴንተርም ሆነ ሌላ ጤና ተቋም ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የባህል መድኃኒቱንም ጨምሩበት። በራሳችሁ ግን ምንም አታቋርጡ።

2. ጆሮና ዓይን ይቅደሙ

ብዙ ጊዜ «ነግሬው ረሳ» የምንለው ሰው ከመጀመሪያውም አልሰማም። ያልተሰማ ነገር አይመዘገብም። ግማሹን ብቻ የሚሰማ ሰው ደግሞ ቀሪውን ለመገመት ሲታገል ለማስታወስ የሚተርፍ ጉልበት ያጣል፤ ሲሰለቸውም ከሰው መሐል ይርቃል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮችን ሲዘረዝር፣ የመስማትና የማየት መቀነስ ሁለቱም ገብተዋል። እነዚህ 14ቱ ቢስተካከሉ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል ቡድኑ።

ስለዚህ ጆሮ አስመርምሩ። አንዳንዴ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ነው፣ ታጥቦ ይወጣል። በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ስትነግሯቸው ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ፊት ለፊት ሁኑ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። መጮህ አይጠቅምም።

3. ደም ግፊትና ስኳር

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ያንን የሚያደርሱለት ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው፤ ግፊትና ስኳር የሚጎዱትም እነሱኑ ነው። ግፊት አይታወቅም፣ አያምም። ተለኩ። መድኃኒት ከተጀመረ «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቁሙ። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ሲመጣ መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም፣ በ65 ዓመት ማቆምም ይጠቅማል።

4. ተራመዱ

አሜሪካ ውስጥ ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 120 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተጠኑ። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን ለ40 ደቂቃ ፈጠን ብለው ተራመዱ። ሌሎቹ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠሩ። ዓመቱ ሲያልቅ የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ የሌሎቹ ቀንሶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። በእግር መሄድ ብቻ!

ልኩ እንዲህ ነው፦ እየሄዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል። ከ10 ደቂቃ ጀምሩና በየሳምንቱ ጨምሩ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ጥሩ ነው፤ ጉልበታችሁ ካልፈቀደ እስከሚቻላችሁ ወጥታችሁ ተመለሱ። ገበያ ስትሄዱ ባጃጁን ለመልስ፣ ዕቃ ስትይዙ ተጠቀሙበት። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ጭቃውም ያንሸራትታል፣ በዚህ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ውጡ። ካልሆነም በረንዳ ላይ ተመላለሱ፣ ከወንበር ተነሱና ተቀመጡ፣ 10 ጊዜ፣ አርፋችሁ ደግሞ 10 ጊዜ። ደረት የሚወጋው ወይም በጥቂት እርምጃ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ይመርመር።

5. አንድ ከባድ ነገር ምረጡና ተማሩ

ዋናው ይህ ነው። ሌላው ሁሉ መደላድል ነው።

«አእምሮዬን አሠራለሁ» ብሎ የለመዱትን ካርታ ወይም ገበጣ መጫወት ደስ ይላል፣ ሰው ያገናኛል፣ ግን አንጎሉ ካወቀው ቆይቷል። በስልክ ላይ ያሉ የአእምሮ ጨዋታዎችም እንደሚባለው አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ 65ና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያላቸው 2,832 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። አንዱ ቡድን ማስታወስን፣ ሌላው ማመዛዘንን፣ ሌላው ፍጥነትን ሠለጠነ። እያንዳንዱ የተሻሻለው በሠለጠነበት ነገር ላይ ነው። የለንደን ታክሲ ነጂዎችም እንዲሁ፤ የከተማዋን ሺህ ምንተ ሺህ ጎዳናዎች በቃላቸው ስለሚይዙ ቦታ የሚያስታውሰው የሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ገዘፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ሁሉ ነገራቸው ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ለኑሯችሁ የሚጠቅማችሁን ነገር ምረጡ፤ የሚጨምረው እሱው ነው።

ለጅማ ሰው እኔ የምመርጠው አለ፦ የአፋን ኦሮሞ ንባብ በቁቤ፣ ማለትም ቋንቋው በሚጻፍበት በላቲን ፊደል። እዚህ ከተማ ዕድሜ ልካቸውን አፋን ኦሮሞ እየተናገሩ የኖሩ፣ ግን በአማርኛ ብቻ የተማሩ፣ ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ትምህርት ቤትን ተሰናብተው የነበሩ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉ። ቋንቋውን ታውቃላችሁ፣ ጽሑፉ ነው አዲሱ። ይህ በጣም ተስማሚ ነው፤ ግማሹን ይዛችሁ ስለምትነሱ አትንገሸገሹም፣ ግማሹ ደግሞ በደንብ ያስቸግራል። ቀበሌና ባንክ ስትሄዱም ይጠቅማችኋል።

እንዲህ አድርጉት። ጠዋት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ 25 ደቂቃ ያህል። አብዛኛው በዕድሜ የገፋ ሰው አእምሮው የሚነቃው ጠዋት ነው። በቀን 4 ወይም 5 ፊደል፣ ከዚያ በላይ አትቸኩሉ። ለ«ጠ»፣ ለ«ጨ» እና ለ«ቀ» የሚያገለግሉት ፊደሎች እንግሊዝኛ የምታውቁትን ሰዎች ያሳስታሉ፤ እነሱ ላይ ጊዜ ስጡ። አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ሲያጥር አንድ ጊዜ፤ ተነባቢውም ሲጠብቅ ይደገማል። አንዱን ፊደል መርሳት ቃሉን ሌላ ቃል ሊያደርገው ይችላል። አስተማሪ ከሩቅ አትፈልጉ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ያለ የልጅ ልጅ ይበቃል። ልጁ እንዲያርማችሁ ፍቀዱለት።

ከዚያ ዘዴው ይመጣል። ደብተሩን ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፣ አያስቀርም። ደብተሩን ዝጉ፣ ያስታወሳችሁትን በባዶ ወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ ክፈቱና አስተያዩ። ያስጨነቃችሁ ያቺ ደቂቃ ናት አንጎሉን የምታሠራው፣ ስለዚህ ቶሎ አትክፈቱ። ማታ አንዴ ድገሙት። በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በ2 ሳምንቱ ድገሙት። በአንድ ቀን 4 ሰዓት ከመቀመጥ በ4 ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል። ይህ ክፍተት ሰጥቶ መድገም ለወጣትም ይሠራል፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን ግዴታ ነው።

ስትራመዱ ደግሞ መንገዱ ራሱ መለማመጃ ነው። ጅማ ውስጥ ብዙ የሱቅና የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በቁቤም በአማርኛም የተጻፈ ነው። አማርኛውን በዓይናችሁ አትንኩ። ቁቤውን አንብቡ፣ ምን እንደሚል ወስኑ፣ ከዚያ አማርኛውን አይታችሁ አረጋግጡ።

ቁቤ የሚያነብ ሰው ሌላ ይምረጥ። ቴሌብር ያለ ልጅ እርዳታ መጠቀም፣ ክራር፣ ግዕዝ፣ ቁርኣንን በተጅዊድ መቅራት፣ እንጨት ሥራ። መለኪያው አንድ ነው፤ ያስቸግራችሁ፣ ግን ተስፋ አያስቆርጣችሁ። ከ10 ሙከራ 10ሩም ከተሳካ ቀሏል፣ ከ10 ሁለት ብቻ ከሆነ ከብዷል።

6. ስም፣ ቁልፍና ገንዘብ

የዕለት ተዕለቱ መርሳት አብዛኛው መጀመሪያውኑ ልብ ካለማለት የሚመጣ ነው። ሰው ስሙን ሲነግራችሁ ወዲያው ጥሩት። «ማን አልከኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ከዘመድ ጋር አያይዙት፦ የእገሌ አማች፣ የቦሳ ቂጦው ነጋዴ ታናሽ ወንድም። ስትለያዩም ስሙን ጠርታችሁ ተሰናበቱ።

ቁልፍ፣ መነጽርና መታወቂያ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጡ። ገበያ ላይ ብር እየቆጠራችሁ አታውሩ፤ ቁጠሩ፣ ኪስ አስገቡ፣ ከዚያ አውሩ። ቀጠሮና መድኃኒት በማስታወሻ ደብተር ጻፉ። መጻፍ አእምሮን ያሰንፋል የሚሉ አሉ፣ አልስማማም። ለጥቃቅኑ ደብተር ይኑራችሁ፣ ጉልበታችሁን ለምትማሩት ነገር አስቀሩት።

7. እንቅልፍ፣ ቡና፣ ጫት

ቀን የተማርነው የሚጸናው ማታ ስንተኛ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጥልቁ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ያለውን መጠበቅ ያስፈልጋል። እዚህ የቡና አገር ይህን መናገር ቀላል አይደለም፣ ግን ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ግማሹ ካፌይን ከምሽቱ 3 ሰዓትም አለ። የጠዋቱን ጠጡ። ከ8 ሰዓት በኋላ ያለውን ተዉት፣ ጎረቤት ከጠራችሁ ግን ሂዱ፤ ሲኒው ይለፋችሁ እንጂ ጨዋታው አይለፋችሁ።

ጫት ላይ ግልጽ ልሁን። ለጊዜው ያነቃቃል፣ ምርቃናው ያልፋል፣ እንቅልፉ ግን አይመጣም። ግፊትም ልብ ምትም ይጨምራል። ከዚያ «ለጨብሲ» መጠጥ ሲጨመር እንቅልፉ የመጣ ይመስላል፣ ግን የተቆራረጠና ቀላል እንቅልፍ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚቅም ሰው ቢተወው ይመረጣል። መተው ያልቻለ ቀንና መጠን ይቀንስ፣ መጠጡን ጨርሶ ያስወግድ። የእንቅልፍ ኪኒን ከሰው ተቀብላችሁ አትዋጡ። ቀን ማሸለብ ካስፈለገ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

8. ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው

ወላጆቻችሁን እየወደዳችሁ ነው ሥራ የምታስፈቷቸው። ስለምታዝኑላቸው ነው፣ አውቃለሁ።

አባታችሁ ሲጠየቁ እናንተ አትመልሱላቸው። ቃል ሲጠፋቸው አታቀብሏቸው፣ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ይመጣላቸዋል፤ ፍጥነታቸው ነው የቀነሰው፣ ዕውቀታቸው አይደለም። እናታችሁ ገበያ ይውረዱ፣ ዋጋ ይከራከሩ፣ ሒሳቡን ራሳቸው ይደምሩ፤ እናንተ ዘንቢሉን ተሸከሙ። የእድር ጸሐፊ ከነበሩ ጸሐፊ ይሁኑ፣ አጠገባቸው አንድ ወጣት ረዳት ይቀመጥ። ስልኩን ስታሳዩአቸው ከእጃቸው ነጥቃችሁ አትጫኑላቸው። ጣታቸው ይንካው፣ ይሳሳቱ፣ እንደገና ይሞክሩ። «ትናንት አሳይቼሽ» አይባልም። ዛሬም አሳዩ፣ ነገም።

ብቸኝነትና ድብርት ሁለቱም የላንሴቱ ቡድን ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ ካላቸው ከ14ቱ ነገሮች ውስጥ አሉ። የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወይም ውጭ የሄዱባቸው ሰዎች ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ማኅበሩ፣ ዱዓው፣ እቁቡ፣ ቡናው አይቅርባቸው። መብላት ከቀነሱ፣ ከወዳጅ ከራቁ፣ ምንም ነገር ደስ ካላላቸው ለሐኪም ንገሩ፣ ድብርት በ70 ዓመትም ይታከማል።

9. በ3 ወሩ አስተያዩ

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ደም ግፊታችሁን፣ ሳትቆሙ ስንት ደቂቃ መራመድ እንደቻላችሁ፣ ከምትማሩት ነገር ምን ያህሉን ያለ እርዳታ እንደሠራችሁ። በ3ኛው ወር እነዚያኑ ድገሙ። ግፊቱ ካልወረደ ወደ ሐኪም ተመለሱ። የምትማሩት ከከበዳችሁ መጠኑን ቀንሱ፣ ትምህርቱን ግን አትተዉት። ከቀለላችሁ አክብዱት፤ ቁቤውን ማንበብ ከቻላችሁ መጻፍ ጀምሩ፣ በስልካችሁ ለልጅ ልጃችሁ አጭር መልእክት ላኩና ስህተቱን አርሞ እንዲመልስላችሁ ንገሩት።